ውብዓለምን ብቻዋን ለመተው

ሰኞ፣ ኅዳር 19

ዛሬም ጥርሷን አልፋቀችም። መፋቂያውን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ይዛው ደጃፉ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆመች፤ ከዚያ መልሳ መስኮቱ ላይ አኖረችው። ምን ሆንሽ ብላት “ምንም” አለችኝ። መልሷ ሁልጊዜ ምንም ነው።

ይህን የምጽፈው ሲስተር ዘሃራ አዝዛኝ ነው። ደብተሩንም የሰጠችኝ እሷ ናት። የሆስፒታሉ የአእምሮ ነርስ ናት፤ ገና ልጅ ናት፤ ትምህርቷን አዲስ አበባ ጨርሳ ደሴ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። በየቀኑ ያዩትን ይጻፉ፣ ስለ ራስዎም ይጻፉ አለችኝ። ስለ ራሴ ብዙ የሚጻፍ የለም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ለልጃገረዶች የቤት አያያዝ አስተምሬያለሁ። ቀኝ ዐይኔን ሞራ ሸፍኖታል፤ ግራውም እየተከተለው ነው። ፊደሌ ከመስመር ቢወጣ በዚህ ምክንያት ነው።

ታኅሣሥ 6 አዲስ አበባ የዐይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አለኝ። መንገዱንና ማገገሚያውን ጨምሮ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተብያለሁ። ያን ጊዜ ልጄ የት ትሆናለች? ያለብኝ ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

ውብዓለም ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ታይፒስት ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሌሎቹን ታይፒስቶች ትቶ ደብዳቤውን ለእሷ ይሰጥ ነበር፤ ስህተት አይገኝባትማ። ከታመመች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ስኪዞፍሬኒያ ይባላል አለችኝ ሲስተር፤ ስሙን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። መጀመሪያ ድምፅ ትሰማ ነበር፤ ትጮህ፣ ትወጣ፣ ትሮጥ ነበር። አሁን በወር መርፌውና በክኒኑ ያ ሁሉ ቀንሷል። የቀረው መቀመጥ ነው። ካልነገሯት አትበላም፤ ካልነገሯት አትታጠብም።

አምና ለልቤ ሆስፒታል ስተኛ ኮምቦልቻ ወንድሟ ጌታቸው ዘንድ ነበረች። ሦስት ሳምንት። ላመጣት ስሄድ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የገመድ ምልክት አየሁ። ጌታቸው ክፉ ልጅ አይደለም፤ እኔው ወልጄ ያሳደግኩት ነው። አስሯት ነበር።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ እንደገና ኮምቦልቻ፣ ወይ እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በገዛ ቤቷ፣ ብቻዋን፤ ጎረቤት ብቅ እያለ እያያት። ለሁለተኛው፣ አለች ሲስተር፣ ማንም ሳይነግራት የምትሠራቸው አምስት ነገሮች ይበቃሉ። ጻፍኳቸው።

ከአልጋ መነሣት።
ፊትና ጥርስ።
ክኒን።
ምግብ።
በቀን አንድ ጊዜ ከግቢ ወጥቶ መመለስ።

አምስት። እኔ በአንድ ጠዋት ሃያ ነገር አስተምር ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

ሲስተር ዘሃራ ምልክት ያድርጉ ስላለችኝ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በቀይ ቀለም። እያንዳንዱን ሥራ ከአሥር አረምኩት።

መነሣት፦ 5። በሦስተኛው ጥሪ ተነሣች።
ፊትና ጥርስ፦ 3። ፊቷን በአንድ እፍኝ ውኃ አራሰችው፤ አንገቷን አልነካችውም። ጥርስ የለም።
ክኒን፦ 8። ራሷ አነሣች፤ ውኃውን አፈሰሰች።
ምግብ፦ 4። ሽሮውን በእንጀራው ጫፍ ነካክታ ተወችው። የጾም ምግብ ድሮም አትወድም።
መውጣት፦ 0።

ድምር ከሃምሳ ሃያ። ከሥሩ “የበለጠ ጥረት ያስፈልጋል” ብዬ ጻፍኩ። እጄ ለምዶት ነው፤ ለስንት ልጅ ካርድ ላይ ጽፌዋለሁ። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊቱ ቆማ አገኘኋት። ለረጅም ጊዜ አነበበችው። ካነበበች ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ነገ እንድታሻሽል አንገቷን እንዴት እንደምታጥብ በጨርቅ አሳየኋት፤ ከዚያ ስለ ጆሮ ነገርኳት፤ ከዚያ ስለ ጥፍር። ግድግዳውን ታያለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ አሁንም ተኝታለች። በአራት ሰዓት ተኝታለች። በስድስት ሰዓት ተኝታለች። ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ስባዋለች። ክኒኑን በአልጋዋ ላይ ዋጠች። ሌላውን ሁሉ ዜሮ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ብዕሩን አላነሣሁም።

ጎረቤቴ ሰዓዳ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ባሏ ሐጂ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ እሷ ደግሞ የመንደሩ ሁሉ ወሬ ነጋሪ። ገብታ ግድግዳውን አየች።

“እትዬ በላይነሽ፣ ይቺ ወረቀት የማን ናት?”

“የውብዓለም ናት።”

“ኧረ በነቢ! ከሃምሳ ሃያ? ወላሂ ሐጂ እኔን እንዲህ ቢያርመኝ እኔም ከአልጋ አልወርድም። የኔን ወጥ ከአሥር ስንት ይሉታል?”

“ስድስት” አልኳት። ጨው ታበዛለች።

ሳቀች። ነገ ማታ ቤቷ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ ውብዓለምንም እንደሚያነሡላት ነገረችኝ። አሜን አልኩ። እኔም ጸበል ወስጃታለሁ፤ ቄሱም ሸኩም ያላሉት የለም። ስትወጣ “አብሽሩ እትዬ፣ ትነሣለች” አለችኝ።

አልተነሣችም።

ምንም አልተሰማኝም። ይህንንም ይጻፉ ስላለች እጽፈዋለሁ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍና ስትተኛ እናት አንድ ነገር ሊሰማት ይገባል። ምስር ለቀምኩ። ድንጋዩን ለየሁ። በግራ ዐይኔ ለቅሜ ጨረስኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 22

ሲስተር ዘሃራ ከሆስፒታል በእግሯ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አራገፈች፤ ገባች፤ ግድግዳው ላይ ዐይኗ አረፈ።

“እትዬ፣ ማርክ አይደለም እኮ ያልኩዎት። አደረገች ወይም አላደረገችም፤ በቃ።”

“አሠራሩስ? ግማሽ ፊት አርሶ መነሣት ታጠበ ይባላል?”

“ይባላል።”

“በማን ትምህርት ቤት?”

“በኔ” አለች። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው።

ከዚያ ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። ለእሷ አምስት፣ ለእኔ ሦስት። ስናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ያልሠራችውን ትቶ የሠራችውን መናገር። ስትጀምር አጠገቧ አለመቆም፤ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ እርማት ሲበዛበት እንደሚብስበት፣ ቤቱ ጸጥ ሲልለት እንደሚሻለው ነገረችኝ። እርስዎ በሽታውን አላመጡም፤ ግን የሚያደርጉት ነገር ይቆጠራል አለችኝ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ማንም ብሎኝ አያውቅም። ስትለው መስኮቱን እያየሁ ነበር።

አልጋው ሥር ከምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ብርድ ልብሱን አልገለጠችም።

“ውብዓለም፣ እኔና እናትሽ አምስት ነገር አወጣን። አንቺን ግን አልጠየቅንሽም። አንቺ ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?”

ልመልስላት አፌን ስከፍት ሲስተር እጇን ወደ እኔ ዘርግታ አስቆመችኝ። ውጭ የሐጂ በግ ጮኸ፤ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ።

“ሳሙና” የሚል ድምፅ ከብርድ ልብሱ ሥር መጣ።

“ሳሙና ምን?”

“ነጠላዬን ማጠብ። ራሴ ባመጣሁት ሳሙና።”

ለዓመታት ልብሷን የማጥበው እኔ ነኝ። ታጥቦ ሲሰጣት ትለብሳለች፤ ካልተሰጣት የለበሰችውን ትለብሳለች። ነጠላ እንዳላትም የምታስብ አልመሰለኝም ነበር።

የቀበሌው ሱቅ ሰኞ ሳሙና ያከፋፍላል ተብሏል። ሲስተር አምስተኛው ሥራ ይህ ይሁን አለች። ስትሄድ ሠንጠረዡን አነሣሁት። አልቀደድኩትም፤ አጥፌ ሣጥን ውስጥ አኖርኩት። መቅደድ ነበረብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 23

በሁለት ሰዓት ተነሣች። “ተነሣሽ” አልኳት። አንድ ዓረፍተ ነገር። ምላሴን ነክሼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ፊቷን ስትታጠብ የውኃው ድምፅ ይሰማኛል፤ አጭር ነው፤ በጣም አጭር ነው። አልወጣሁም።

ሲስተር አንድ ሌላ ነገር አዛለች። ሱቅ ከመሄዷ በፊት ቤት ውስጥ እንደ ቲያትር ተለማመዱት ብላለች፤ የሚያስፈራውን ነገር አስቀድሞ በአፍ ማለፍ ነው አለች። ባለሱቅ ለመሆን ሰዓዳ ራሷን ሾመች። የሐጂን ካፖርት ለብሳ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ከገበታው ኋላ ተቀመጠች። ውብዓለም ከበሩ ጋ ቆመች። እኔን ሰዓዳ “እርስዎ ሰልፉ ነዎት” ብላ በመካከል አቆመችኝ።

“ቀጣይ! ጓዲት፣ ካርድ!”

ውብዓለም የራሽን ካርዱን ዘረጋች።

“ሳሙና አልቋል፤ ነገ ተመለሽ!”

“እንዲህ አልተባባልንም” አልኩ እኔ።

“እትዬ፣ ሰልፍ አይናገርም። እውነተኛው ሰውዬ እኮ የሚለው ይህንን ነው።”

ደገምነው። በሦስተኛው ጊዜ ውብዓለም “አንድ የልብስ ሳሙና” አለች፤ ድምፅዋ ተሰማ። ሰዓዳ ባርኔጣዋን አወለቀችና ወደ እኔ ዞር ብላ ቀስ ብላ “ሰዎቹ የሚሉትንስ ልበል?” አለችኝ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። አይሆንም አልኩ።

“በዪ” አለች ውብዓለም።

ሰዓዳ ወደ መሬት እያየች “ውይ፣ እብዷ መጣች” አለች። በሹክሹክታ ነው ያለችው። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ከንፈሯን ነከሰች።

ውብዓለም ካርዱን በሁለት እጇ ያዘች። “ሰልፍ ላይ ነኝ” አለች።

ይህን መልስ እኔ አላስተማርኳትም። ሲስተርም አላስተማረቻትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 24

ኮምቦልቻ። ጌታቸው ኑና ክፍሉን እዩ ብሎ ልኮብኝ ነበር። ውብዓለምን ይዣት ሄድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ዐይኗን ጨፍና እጄን ያዘችኝ፤ ቆላው ሲሞቅ ለቀቀችኝ። ነጠላዋን አወለቀች። ማንም ሳይነግራት ሞቃት ነው ብላ ልብስ ማውለቅ። በአምስቱ ውስጥ የለም፤ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

ጌታቸው የጭነት ዴፖ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ቤቱ ከአሰብ መንገድ ዳር ነው። ሚስቱ ለምለም ክፍሉን አሳየችን፤ ከማድ ቤቱ ኋላ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል፤ ፍራሹ አዲስ ነው። በሩ መቀርቀሪያ አለው። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። ውብዓለም አየችው። ወደ ውስጥ አልገባችም።

ጌታቸውን ለብቻው ወደ ጎን ወሰድኩት።

“ልትዘጋባት ነው?”

“እማዬ፣ አምና ስንት ጊዜ ከመንገዱ ላይ እንዳነሣኋት ታውቂያለሽ? የአሰብ ተሳቢ መኪና እኮ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ሰው አያተርፍም። አንድ ቀን ሹፌሩ ወርዶ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አልገጫትም። ሊገጫት ነበር።”

“ይህን አልነገርከኝም።”

“ልብሽ ታሞ ተኝተሽ ምን ብዬ ልንገርሽ?” መንገዱን እያየ ነበር የሚናገረው። “ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለምለም አይደለችም። ግን እንደገና አስራለሁ፤ ሬሳዋን ከማነሣ።”

አላውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ በልቤ ስከሰው ኖርኩ።

ስለ ሲስተር ዘሃራ፣ ስለ አምስቱ ሥራ፣ ስለ ሳሙናው ነገርኩት። አዳመጠኝ። “አንቺ ሁልጊዜ ትምህርት ይበቃል ብለሽ ታስቢያለሽ” አለኝ። ረቡዕ በዴፖው መኪና ደሴ ስለሚመጣ ፍራሿንና ልብሷን ጭኖ ሊወስድ፣ እሷንም አብሮ ሊወስድ ተስማማን። ተስማማን ስል እሱ ተናገረ፤ እኔ አልተቃወምኩም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ውብዓለም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ሰኞ ሱቁ ይከፈታል?”

“ይከፈታል።”

እሑድ፣ ኅዳር 25

ተነሣች። ፊት። ጥርስም፤ በአንድ ጎን ብቻ። “ፋቅሽ” አልኳት።

አንሶላ ስቀይር ትራሱ ጨርቅ ውስጥ ሁለት ክኒን አገኘሁ። የዓርብና የቅዳሜ ይመስላሉ። መዳፌ ላይ ይዣቸው ቆምኩ። ንግግሩ በሙሉ አፌ ላይ መጣ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ሲስተር ስለ ደከመችው፣ እኔ ስለማየው፣ ስለ መንገዱና ስለ ተሳቢው። አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ።

“እነዚህ ለምን ቀሩ?”

ጠበቅኩ። እስኪደክመኝ ቆምኩ፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“ጠዋት ከዋጥኩት ምላሴ ይከብዳል” አለች። “መናገር አልችልም። ሱቅ ላይ መናገር አለብኝ።”

ስትለማመድ ድምፅዋ የተሰማው ለዚህ ኖሯል። ጥፋቱ ከምክንያቱ ጋር መጣ። እኔ ምክንያት ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ጥፋት አይቼ ነው የምቀጣው። ክኒኖቹን በወረቀት ጠቅልዬ ለሲስተር አስቀመጥኩ። የዛሬውን በፊቴ ዋጠች። ወደ ሌላ ክፍል አልሄድኩም፤ ይህን አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ። ስም ተጠራ፤ አለሁ አልኩ። ምን እንደ ተነጋገሩ አላስታውስም።

ሰኞ፣ ኅዳር 26

ያደረግኩትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ገና ሲነጋ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የዘይት ጣሳችንን ይዤ ወደ ቀበሌው ሱቅ ሄድኩ። ሥርዓቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲነጋጋ ጣሳ ወይም ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሱቁ ሲከፈት የጣሳው ባለቤት መጥቶ በቦታው ይቆማል። የእኛ ጣሳ ዘጠነኛ ሆነ። ተመልሼ ጋደም አልኩ። ሲስተር እንዲህ ያድርጉ አላለችኝም። ሰዓታት ቆማ እንዳትወድቅብኝ ነው፤ ሰዎቹም ብዙ እንዳይሏት። ቶሎ ገብታ ቶሎ እንድትወጣ ነው።

ውብዓለም በሁለት ሰዓት ወጣች። “ጣሳችን ዘጠነኛው ላይ ነው” አልኳት። ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። አልተከተልኳትም። በሩን እንኳ ከፍቼ አላየሁም።

ሦስት ሰዓት። አራት ሰዓት። ዘጠነኛ ሰው በአራት ሰዓት ጨርሶ መመለስ አለበት። አምስት ሰዓት። በአእምሮዬ የአሰብ መንገድ መጣ፤ ደሴ ውስጥ እንደሆንኩ እያወቅኩ። ካፖርቴን ለበስኩ፤ አወለቅኩ። ስድስት ሰዓት።

ከሰባት ሰዓት በፊት ሰዓዳ ሳሙናዋን ታቅፋ እየተንደረደረች ገባች።

“እትዬ በላይነሽ፣ ልጅዎን ጤነኛ ናት ብዬ ለመንደሩ ሁሉ ስምል የኖርኩት እኔ ነኝ! ዛሬ አዋረደችኝ!”

ካፖርቴን እንደገና አነሣሁ። “ምን ሆነች?”

“ምንም አልሆነች፤ ቆማለች! ዘጠነኛ ቦታ ጥላ መጨረሻ ሄዳ ቆመች! ‘ያ የእናትሽ ጣሳ ነው፣ ግቢ’ ቢሏት ‘እኔ አሁን ነው የመጣሁት’ አለች። ጣሳውን አንሥታ፣ ይዛው ወደ ኋላ። ወላሂ ዘጠነኛ ቦታ የሚጥል ጤነኛ በደሴ ከተማ አለ? ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።”

“ምን አሏት?”

“ያው ነው የሚሉት። እሷም ያው ነው ያለችው፤ ‘ሰልፍ ላይ ነኝ’።”

በሰባት ሰዓት ከሩብ ውብዓለም ገባች። ጣሳው ባዶውን በእጇ ነው። ፊቷ በብርድ ተሰነጣጥቋል።

“አለቀ አሉ። ሦስት ሰው ሲቀረኝ። ነገ ቀሪው ይመጣል አሉ።”

ከዚያ ጣሳውን ገበታው ላይ አኖረችውና “ይሄ ያንቺ ቦታ ነበር” አለች።

አምስት ሰዓት ሙሉ ቆማለች። ደጃፌ ላይ መፋቂያ ይዛ የምትቀረው ልጅ። ሰዓዳ ከሳሙናዋ ቆርጣ ልስጥሽ ብትላት አልተቀበለቻትም። ምሳዋን ሳይነገራት በላች፤ በጣም ስለ ራባት ይመስለኛል። እኔ አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 27

ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው። ጣሳው የለም። ተቀመጥኩና ጠበቅኩ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተመለሰች። “አሥራ ሁለተኛ” አለች። ፊቷን ታጠበች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ወጣች፤ ከአራት ሰዓት በፊት አንድ ቡኒ የልብስ ሳሙና ይዛ ገባች። ምን ልበል ብዬ ብዙ አሰብኩ። “አመጣሽ” አልኩ። “አመጣሁ” አለች።

ነጠላዋን ስታጥብ ጓዳ ተቀምጬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄጄ ለሲስተር ዘሃራ ክኒኖቹን ሰጠኋት። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ መጣች፤ ክኒኑ ከእንግዲህ በእራት ሰዓት ይሆናል፤ ስጓዝ ደግሞ ሰዓዳ እያየቻት ትውጣለች። ስለ ጣሳውም ነገርኳት። ልትቆጣኝ ትችላለች ብዬ ነበር።

“ለእሷ ብለው ነው ያስቀመጡት” አለች። “ግን አላመኗትም።”

“አላመንኳትም” አልኩ።

“አሁንስ?”

ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ አላውቅም።

ነገ ጌታቸው ይመጣል። የውብዓለምን ልብስ በሻንጣ ለማስገባት ጀምሬ ነበር። ነጠላዋ ገና አልደረቀም፤ እሱን ሰበብ አድርጌ ሻንጣውን ተውኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 28

ጌታቸው በአምስት ሰዓት መጣ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ገባ። ዴፖ እየጠበቁኝ ነው አለ።

ውብዓለም እርጥቡን ነጠላ ከገመድ ላይ እየገለበጠች ነበር። እሱ ግቢው መካከል ቆሞ አያት። አምና እሱ ቤት ሳለች ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ወንበር ተነሥታ አልተንቀሳቀሰችም፤ ከሮጠችባቸው ቀናት በስተቀር። እሱ የሚያውቃት ያችኛዋን ነው።

“ዕቃሽ የታለ?” አላት።

“አልሄድም።”

ወደ እኔ ዞረ። ልናገር ነበር። ስለ ጣሳው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ክኒኑ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም የያዝኩት፤ መዓት ነበር። ወደ ቤት ገባሁ። ከበሩ ኋላ ቆምኩ እንጂ ጓዳ አልደረስኩም፤ ይህን መዋሸት አልችልም።

“ውቤ፣ እማዬ አትኖርም እኮ። ማን አለ ካንቺ ጋር?”

“ሰዓዳ ማታ ማታ ትመጣለች። ሲስተር ሐሙስ ሐሙስ።”

“ቀን ላይስ?”

“እኔ አለሁ።”

ሞተሩ ውጭ ይንቀጠቀጣል።

“ብትወጪስ?” አላት። “እንደዚያኛው ጊዜ ብትወጪስ?”

እሷ ቶሎ አትመልስም። እሱ ይህን አያውቅም፤ ደጋግሞ ሊጠይቃት ነው ብዬ ፈራሁ። አልጠየቃትም። ጠበቃት።

“እወጣለሁ” አለች። “እመለሳለሁ።”

ጌታቸው ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ተመልሶ በግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሲጋራ አወጣ፤ ሳይለኩሰው መልሶ ከተተው። ምሳ በላ፤ ስለ ምስሩ ምንም አላለም። እሑድ እሑድ እየመጣ ሊያያት፣ አንድ ቀን እንኳ ካልተነሣች ወይም ክኒኑን ከተወች ሰዓዳ ወደ ዴፖው ልትደውል፣ ያን ጊዜም መጥቶ እዚሁ ከእሷ ጋር ሊያድር ተስማማን። በዚህኛው ጊዜ በእርግጥ ተስማማን፤ እኔም ተናግሬያለሁ። ስለ ተሳቢው አላነሣንም። ባዶ መኪናውን እየነዳ ሄደ።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አሁንም ደስታው አልመጣም። ፍርሃቱ ግን ትንሽ መጣ፤ ከጠፋ ስለ ቆየ እንደ እንግዳ ነው። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። የሚመጣው ማክሰኞ እሳፈራለሁ። ዐይኔ በፋሻ ተሸፍኖ እተኛለሁ፤ እዚህ የሚሆነውን አላይም፤ ማረምም አልችልም።

አመሻሽ ላይ እራት እየበላን ሳለ ውብዓለም ቀና አለች።

“ስንት ቀን ነው?”

“አሥራ አራት።”

በጣቶቿ ቆጠረች። አንዱን እጅ ጨረሰች፤ ሌላውን ጨረሰች፤ እንደገና አራት ጨመረች።

“ይበዛል” አለች።

ጉርሻዋን ዋጠች፤ ክኒኗን ዋጠች፤ ውኃ ጠጣች።

“ይሁን” አለች።